ባለቤት ያለው ግጥም

ሥራሽ ምንድነው ስባል መልሴ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ሼክ ኑር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር አብረውኝ ለሚኖሩት የአገሬ ልጆች “ሰርግ ቤት ነው የምሠራው” እላለሁ። ሳህን የማጥብ ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርማቸውም። ለሶማሌ ሴቶች መልስ አያስፈልግም፣ ከበሮ በብብቴ ይዤ ስገባ ያዩኛል። አንድ ጊዜ ግን መታወቂያ ላሳድስ የሄድኩበት ቢሮ ጸሐፊው ቅጹ ላይ አቀርቅሮ “ሥራ?” ሲለኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በአማርኛ “አዝማሪ” አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና “ሀውስሜይድ” ብሎ ጻፈ። ማኅተሙንም መታበት።

አብግኖኝ ነበር። የሰው ልብስ ማጠብ ከተውኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበራ! ሁለተኛ እጄን ሳሙና ውስጥ ነክሬ እንጀራ አልበላም ብዬ ከማልኩ ቆይቻለሁ። ወረቀቱ ግን አሁንም እንደዚያ ነው የሚለው።

ሐርጌሳ የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን በጅጅጋ በኩል አድርጌ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንድ ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ። የቤቱ እመቤት ክፉ አልነበረችም፤ ግን ሳሙና በቢላ እየቆረሰች በልክ የምትሰጥ ሴት ነበረች፣ እኔ ደግሞ በልክ የሚሰጠኝ ነገር ያናድደኛል። ንዴቴን የምወጣው በሳፋው ላይ ነበር። ልብሱን አጥቤ ስጨርስ ሳፋውን እደፋውና እናቴ ያስተማረችኝን አመታት እመታዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ስመታ የእመቤቲቱ እናት ከጓዳ ወጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን “ቀጥይ” አሉኝ።

እኚህ አሮጊት ግጥም ተናጋሪ ነበሩ። ሁሉም “ኤዶ” ይላቸዋል፤ አክስት ማለት ነው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሶማሊኛ አንቱታ የለውም። እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነው የምላቸው፣ አንቺ ማለቱ አፌ ላይ እንኳ አይመጣልኝም። ኤዶ የሚሉት የግጥም ዓይነት ቡራንቡር ይባላል። የሴቶች ነው። አንዷ ቆማ ትላለች፣ የቀሩት ያጨበጭባሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ እየወጡ ይጨፍራሉ። ሙገሳ አለበት፣ ምክር አለበት፣ አንዳንዴም እንባ አለበት። የኤዶ ከበሮ መቺ ባሏን ተከትላ ወደ ውጭ አገር ሄዳ ስለነበር ቦታው ባዶ ነበር። በሳምንቱ ከሳፋው አንስተው ከበሮ ጋ አስቀመጡኝ።

የእኔ ሥራ እንደዚህ ተጀመረ። የሴቶች ድግስ ላይ ወንድ አይገባም። ኪቦርድ ተጫዋቹም ድምፃዊውም በራፍ ላይ ይቀራሉ። እንግዶቹ ራሳቸው ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ያስረክባሉ፣ ፎቶ እንዳይነሳ። ከዚያ ሻርፑ ይወልቃል፣ ፀጉሩ ይፈታል፣ ዲራዕ የሚሉት ስስ ረጅም ቀሚስ ወለሉን ይጠርጋል፣ መንገድ ላይ ቀና ብላ የማታይ ሴት እንደ ጥጃ ስትዘል ታያታለህ። ታያታለህ ስል፣ አንተ አታያትም። እኔ ነኝ የማያት። ለአንድ ሴት ሙዚቀኛ ከዚህ የተሻለ ገበያ የት ይገኛል?

ገበያው ግን የራሱ ወቅት አለው። ረመዳን ሊገባ ሲል ሁሉም ለመዳር ይጣደፋል፤ በሳምንት አራት አምስት ድግስ አለ፣ መዳፌ ይላጣል። ረመዳን ሲገባ ሁሉም ይዘጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳንና ሁዳዴ እየተደራረቡ ስለሚመጡ እኔም ሆዴም ከበሮዬም አብረን ነው የምንጾመው። ቀጣሪ የለኝም፣ ደመወዝ የለኝም። አለቃዬ ስልኬ ነው፤ የሚያስደውለው ደግሞ የኤዶ አፍ ነው። ኤዶ ከጠሩኝ ሁሉም ይጠራኛል፣ ኤዶ ካልጠሩኝ ማንም አይጠራኝም።

ስላጠፋሁት ጥፋት ከመናገሬ በፊት ስለ አባቴ ሥራ ትንሽ ማለት አለብኝ፤ አለበለዚያ አውቄ ያደረግሁት ይመስላል።

አባቴ ማሲንቆ መቺ ነበር፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለች ከተማ። እናቴ ከበሮውን ትመታለች፣ ትቀበላለች። አባቴ ጠጅ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሲንቆውን መቃኘት አይደለም፤ አስተናጋጁን ጠርቶ በዚያ ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ ማን ይባላል፣ አባቱስ ብሎ መጠየቅ ነው። ትናንት ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት የተገጠመው ግጥም ዛሬ ለመቶ አለቃው ይዘፈናል። ስሙን መለወጥ ብቻ ነው። መቶ አለቃውም ያውቃል፣ ባለወፍጮውም ያውቃል፣ ማንም ቅር አይለውም። “አንድ ስንኝ ያለው አዝማሪ አይራብም” ይል ነበር አባቴ፣ “ስም ካላለቀ ግጥም አያልቅም።” እኔም በዚህ ነው ያደግሁት። ስም መክተት ለእኛ ሌብነት አይደለም፣ ሙያ ነው፤ ስሙ ሲገባ ቤቱን እንዳያጎብጠው አድርጎ መክተት የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል።

ኤዶ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሉት አንድ ረጅም ግጥም ነበራቸው። ሴቶቹ “መንገዱን! መንገዱን!” እያሉ ይጠይቋቸዋል። ከተማዋ በጦርነት ስትፈርስ ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ የተሰደደበትን የሚናገር ግጥም ነው። እዚያ ግጥም ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ስሟ ከነአባቷ ይጠራል። ጀሪካኗን ከጀርባዋ አውርዳ ለአንዲት አራስ ትሰጣለች፣ “እኔ ጥላ አለኝ” ትላለች፣ በዚያ ሜዳ ላይ ግን ጥላ የለም። እኔ የወጥ ቤት ሶማሊኛ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ጥልቅ ጥልቁን አልሰማም ነበር። ግን ለሁለት ዓመት ከበሮ የመታሁለትን ግጥም ባላውቀው ይገርም ነበር። ስንኝ በስንኝ በጆሮዬ ገብቶ ቀርቷል።

ያን ቀን ድግሱ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። የሙሽሪት እናት ሀብታም ናት፣ ወርቋ ከአንገቷ እስከ እምብርቷ ይወርዳል። ኤዶ ሲያስሉ ነበር የከረሙት። “መንገዱን” ጀመሩት፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቁርጥ አለ። እጃቸውን ወደ እኔ አወዛወዙ፣ ከበሮውን እንዳላቆም ነው፣ ከዚያ ሻይ ሊጠጡ ተቀመጡ።

መታሁ። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። የሚናገር የለም። በእኔ አገር ሙዚቃው እየሄደ አፍ ከጠፋ፣ አፍ ያለው ይግባ ማለት ነው። ገባሁ። ኤዶ ካቆሙበት ቀጥሎ ያለውን ስንኝ አልኩት። ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት “ሐበሻይቱ!” ብላ ሳቀችልኝ፣ ሌላዋ እልል አለች። ደሜ ሞቀ። ሁለተኛውን አልኩ፣ ሦስተኛውን አልኩ፣ ስሙ ያለበት ቦታ ደረስኩ። ቀና ስል ዓይኔ ከሙሽሪት እናት ዓይን ጋር ገጠመ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው፤ የባለ ጀሪካኗን ስም አወጣሁና የእሷን ስም ከነአባቷ ከተትኩበት። ቤቱን ሳያጎብጠው ነው የገባው፣ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ።

ጭብጨባው ባንዴ አልቆመም። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲያባራ እንደሚሆነው መጀመሪያ ከወዲያኛው ጥግ፣ ቀጥሎ ከመሐል፣ ከዚያ ከፊቴ ሳሳ። ተደንቀው መሰለኝ። ፊታቸውን ሳይ እንዳልሆነ ገባኝ፣ ግን ምኑ እንደሆነ አልገባኝም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ያንኑ ስንኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። የሙሽሪት እናት ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ኤዶ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፣ ቀስ ብለው ተነስተው መጡና መዳፋቸውን ከበሮው ቆዳ ላይ አሳረፉት። ድምፁ ሞተ።

“ይበቃል” አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ከበሮው የእሳቸው ነበር፣ ይዘውት ሄዱ።

አንዷ ቶሎ ብላ ድምፅ ማጉያው ላይ የተቀዳ ዘፈን አደረገች፣ ድግሱም ቀጠለ። ስወጣ እንደ ወትሮው ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፣ እጄንም ጨበጡኝ። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ቢሰድቡኝ እኔም አፍ ነበረኝ።

ከዚያ ስልኬ ዝም አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ረመዳን ሊገባ ነው፣ ከተማው በሰርግ ታጥሯል፣ በየመንገዱ በአበባ ያጌጠ መኪና እየጮኸ ያልፋል፣ እኔ ደግሞ ስልኬን እያነሳሁ ባትሪው እንዳለ አያለሁ። አብረውኝ ከሚኖሩት አንዷ አያሃ በሚባለው ሰፈር ቤት የሚያሠራ ሰው ውሃ የምታመላልስ ሴት ይፈልጋል አለችኝ። ሌላዋ ልብስ የምታጥብበትን ቤት አሳየችኝ። ሦስት ቀን ሄጄ አጠብኩ። በሦስተኛው ቀን ሳፋውን ደፍቼ ልመታው እጄን አነሳሁና ተውኩት። ኮሽ ሳላደርግ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዋሄን ገበያ ውስጥ የዲራዕ ጨርቅ የምትሸጥ የድሬዳዋ ልጅ ወዳጅ አለችኝ። ሙስሊም ናት፣ ሶማሊኛ አፏን የፈታችበት ነው፣ የከተማው ሰርግ ሁሉ ወሬው በእሷ ሱቅ በኩል ያልፋል። ልሄድ ፈርቼ ነበር የከረምኩት። ስታየኝ ጨርቅ ማጠፏን እንኳ አላቆመችም።

“አቦ ምን ነካሽ አንቺ?” አለችኝ። “እኔ እኮ ሲነግሩኝ ውሸት ነው አልኳቸው።”

“ስም ብቻ እኮ ነው የለወጥኩት!” አልኳት። “አሞገስኳት እንጂ ሰደብኳት?”

“ምን ብለሽ ነው ያሞገስሻት? ሴትዮዋ ያን ጊዜ ጅቡቲ ነበረች፣ ከአባቷ ጋር ሱቅ ውስጥ ፋን ሥር ተቀምጣ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። አንቺ በባዶ እግሯ ሜዳ ላይ አውጥተሽ ውሃ አስያዝሻት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም?”

እሷ ጨርቁን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

“ስሚኝ፣ እዚህ ግጥም እንደ ግመል ነው። ምልክት አለው፣ ባለቤት አለው። የሌላ ሰው ግጥም የሚል ሰው መጀመሪያ ‘የእገሊት ነው’ ብሎ ነው፣ አንድ ቃል ሳይነካ። ይሄ አንድ። ያቺ ሴትዮ ደግሞ መቃብር የላትም። እዚያው መንገድ ላይ ነው የቀረችው፣ ማንም አልቀበራትም። ስሟ ያለው በኤዶ ግጥም ውስጥ ብቻ ነው። አንቺ ከዚያም አወጣሻት፣ ወላሂ!”

እንደዚያ ስትለኝ የጨርቅ ጥቅልሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተጎዳሁት እኔ ነበር የሚመስለኝ።

በማግስቱ ወዳጄን ሽማግሌ አድርጌ ኤዶ ቤት ሄድን። በሩን የከፈተችልን የድሮዋ እመቤቴ ናት፣ ሳሙና ቆራሿ፤ አስገባችንና ሻይ በወተት ቀዳችልን። ኤዶ ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወዳጄ በአገርኛው ወግ ብዙ ተናገረች። እንግዳ ናት፣ አታውቅም፣ ልጅ ያጠፋል ትልቅ ይምራል አለች። ኤዶ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

“ለምን መጣሽ?”

“ይቅርታ ልጠይቅዎት።”

“እኔን ምን አደረግሽኝ? ያደረግሽው እሷን ነው። እሷ ደግሞ አትሰማሽም።” ድምፃቸው ከነፋስ ትንሽ የሚበልጥ ነበር፣ ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። “ግጥሙን ታውቂዋለሽ?”

“አውቀዋለሁ።”

“በይው።”

አልኩት። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ብርጭቋቸውን በማንኪያ ኳ አደረጉ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ኳ! እንደገና ጀመርኩ። ኳ! ያን ቀን ስድስተኛውን ስንኝ ሳልሻገር ጀንበር አዘቀዘቀች። አውቀዋለሁ ያልኩት ግጥም ለካ በየስንኙ አንድ ሁለት ቃል የራሴን ሸንቅሬበት ኖሯል፤ እኔም አላወቅሁም፣ ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ መች ይለቃል።

“ነገ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያልቅ ነይ” አሉኝ። ወዳጄ መንገድ ላይ “ምራሻለች” ስትል እኔ “ምኑን ምረውኝ፣ ትምህርት ቤት አስገቡኝ እንጂ” አልኳት።

ረመዳኑን ሁሉ ተመላለስኩ። እሳቸውም ጾመኛ እኔም ጾመኛ፣ ሻይ የለ ምን የለ፣ ባዶ ብርጭቆ በማንኪያ ኳ ብቻ። መጀመሪያ የግጥሙን ባለቤት ስም ማለት አለብኝ፤ የራሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን። ከዚያ ነው ግጥሙ። “ይህን ካልሽ በኋላ የምትይው ሁሉ በእኔ ላይ ነው፣ ተጠንቀቂ” ይሉኛል። ከበሮ አይሰጡኝም። እጄ ባዶውን ጭኔን ሲመታ ያዩና “እጅሽ ይረፍ” ይላሉ።

ቀስ በቀስ ግጥሙ ውስጥ ያለችውን ሴት አወቅኋት። የጎን ግቢ ጎረቤታቸው ነበረች። ነገረኛ ነበረች አሉኝ፣ በአጥር ጉዳይ ተጣልተው አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ነበር መንገዱ ያገናኛቸው። አራሷ ኤዶ ራሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ ወለዱ፣ ጡታቸው ደረቀ። ጎረቤቲቱ ጀሪካኗን አስቀመጠችላቸውና ያለችውን አለች፣ ከዚያ ሲነጋ አልተነሳችም።

“ሕፃኗስ?” አልኳቸው።

“ሳሙና ትቆርስልሽ የነበረችዋ ናታ!” አሉኝና ወደ ጓዳው ጠቆሙ።

ጓዳ ውስጥ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ የምትጠብሰውን የድሮ እመቤቴን በበሩ ክፍተት አየኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዴ ስረግማት የኖርኩት በዚያች ጀሪካን ያደገችውን ሴት ነው። ሳሙና በልክ መቁረሷ አሁንም አይጣመኝም፣ ግን ሌላ ዓይነት ሆነብኝ።

አንድ ቀን ሳልሳሳት እስከ መጨረሻው ደረስኩ። ኤዶ ማንኪያውን አስቀመጡና “አባትሽ ገጣሚ ነበር ብለሽኛል” አሉኝ። “የእሱን ማን ነው የሚለው?”

“ሁሉም ይለዋል።”

“የእሱ ነው ብሎ?”

“አይ። የእሱ የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ስሙን እየቀያየረ ለሁሉም ይዘፍነው ነበር።”

አዩኝ። አባቴ ሜዳ ላይ ወድቆ ቀረ ያልኳቸው ይመስል “አላህ ይዘንለት” አሉ። ከፋኝ። አባቴ በሥራው የሚታዘንለት ሰው አልነበረም፤ በከተማው አባቴን ሳይጠራ የሚዳር አልነበረም። ላስረዳቸው ብዬ ስጀምር ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስስቅ አባቴ አይቶ ስንኝ ገጥሞልኝ ነበር፣ ስሜ ያለበት። የእኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ፣ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ ስጎርር ሰነበትኩ። ከወር በኋላ አንድ ሰርግ ላይ ያንኑ ስንኝ በሙሽራይቱ ስም ሲዘፍነው ሰማሁ። ዳሱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አባቴ አግኝቶኝ ሳቀ፦ “ግጥም እኮ እንደ ነጠላ ነው ልጄ፣ ለለበሰው ሁሉ ያምርበታል።” ኋላ እኔም እንደ እሱ ሆንኩ፣ ማልቀሴንም ረሳሁት። አባቴ ሲሞት በካሴት የቀረ ድምፅ እንኳ የለውም።

ኤዶ አልሳቁም። “ያን ስንኝ በይልኝ” አሉኝ። አሁን አይሆንም፣ ሌላ ቀን አልኳቸው።

ከዒድ በኋላ የልጅ ልጃቸው ተዳረች፣ የእመቤቴ ልጅ። ሰርጉ ካለፈ በሰባተኛው ቀን ሻሽ ሳር የሚባለው የሴቶች ድግስ አለ፤ ሙሽሪት ባለትዳር መሆኗን የሚያሳየውን ሻሽ ዘመዶቿ ፀጉሯ ላይ ያስሩላታል። ሐኪም ኤዶን ድምፅ እንዳያወጡ ከልክሏቸዋል። ጠዋት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ደዋይዋ እመቤቴ ናት። “እናቴ ከበሮውን መጥታ ትውሰድ ብላለች” አለችኝ። አጎንብሼ መሬቱን ልስም ምንም አልቀረኝም።

አዳራሹ ሞልቷል። የጅቡቲዋ ሴትዮም አለች፣ በዚያው በወርቋ። ሻሹ ታሰረ፣ ሌሎች ሴቶች የየራሳቸውን አሉ፣ መጨረሻ ላይ “መንገዱን!” አሉ። ኤዶ ወደ እኔ ጠቆሙ። አንድ ሁለቷ ተያዩ። ይህን አሁን ካበላሸሁ ከበሮውን ሁለተኛ አላየውም፣ እሱን አውቃለሁ። የኤዶን ስም ጠራሁ፣ አባታቸውን፣ አያታቸውን። “የእሷ ነው፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ” አልኩና መታሁ።

ስሙ ያለበት ቦታ ስደርስ ማንንም አላየሁም፣ የከበሮውን ቆዳ ብቻ። የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ እንደ ተሰጠኝ አልኩት። እልልታው ከኋላ ተነሳ። ቀና ስል እመቤቴ፣ በየድግሱ ሳህን ስትቆጥር እንጂ ስትጨፍር አይቻት የማላውቀው ሴት፣ ልጇን በእጇ ይዛ መሐል ገብታለች። የጅቡቲዋ ሴትዮ ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች። እንባዬ መጣ፣ እጄ ግን አልሳተም። ጨረስኩት።

ሰው ሲበተን፣ ወንበር ሲደራረብ፣ ኤዶ በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሦስት ሴቶች ለሚቀጥለው ሳምንት ድግስ ሊይዙኝ ቆመው ይጠብቃሉ፤ “ትቆያለች” አሏቸው።

“አሁን የአባትሽን” አሉኝ በዚያ በሹክሹክታቸው።

የአባቴን ስም አልኩ። የአያቴን። የቅድመ አያቴን ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ስንኙን አልኩት፤ እዚህ ስሜን እገሊት ልበለው፦

እገሊት ከሳቀች ይከፈታል በሩ፣
ጠጅ ባይኖርም ቤቴ ይሰክራል መንደሩ።

ትርጉሙን ነገርኳቸው። ጠጅ ምንድነው አሉኝ። የማር መጠጥ ነው፣ ያሰክራል አልኩና ደነገጥኩ። “ኤዶ፣ ብርዝ የሚባል የማያሰክር አለ፣ በእሱ ልለውጥልዎት?”

ጉልበቴን በመዳፋቸው መቱኝ። “ተይ! አባትሽ ያሰክራል ካለ ያሰክራል። እሱና አላህ ይተዋወቁ።”

ኤዶ የሚያውቁት አማርኛ ስደተኛ ሳሉ የሰሙትን ብቻ ነው፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ ተሰለፉ። ስንኙን ስምንት ጊዜ አስባሉኝ። በዘጠነኛው እጃቸውን አነሱና እሳቸው ጀመሩ። የአባቴን ስም አሉ፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱ። የዳሱ ጀርባ ትዝ አለኝ፤ የሌላ ሙሽራ ስም የምሰማ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የእኔን ስም ነው ያሉት።